የሊኑክስ ማስነሻ ጥቅል ሲሠራ የፋይል ስሞችን ዝርዝር ማን ይጻፈው? አራት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የኮምፒውተር ክፍል የሚያስተዳድር ሰው፣ ሃያ ስላሽ (ያገለገለ) ዴስክቶፕ በአንድ ዓይነት ሊኑክስ ላስነሳ ካለ፣ ይዋል ይደር እንጂ ከማስነሻ ጥቅሉ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ጥቅሉ ኢኒትራምኤፍኤስ ይባላል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ዲስኩን ወይም ኔትወርኩን ገና ሳያገኝ ራም ላይ ዘርግቶ ሥራ የሚጀምርበት የፋይሎች ስብስብ ነው። ክርክር የሚበዛው በምን ይጨመቅ በሚለው ላይ ነው፤ ጥቅል የሚያበላሸው ግን ከመጭመቁ በፊት ያለው ሥራ ነው። የትኛው ፋይል፣ በምን ፓዝ (የፎልደር አድራሻ)፣ ከየትኛው ቀድሞ ይግባ? ይህን ዝርዝር የሚጽፈው ማን እንደሆነ ካወቃችሁ የምርጫው ግማሽ አለቀ።

ትእዛዞችን ከዚህ በታች እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ኪቦርድ ላይ ያው በላቲን ነው የሚተየቡት። አማራጮቻቸውንም በአንድ ፊደል ሳይሆን በሙሉ ስማቸው ጠርተናቸዋል።

ከርነሉ ጥቅሉን ሲፈታ

ጥቅሉ ሲፒዮ የሚባለው የማሸጊያ ፕሮግራም በሚያውቀው ኒውሲ በተባለ ቅርጽ ይታሸጋል። እያንዳንዱ ፋይል 110 ባይት የሆነ ራስጌ አለው፤ ራስጌው 070701 በሚል መለያ ይጀምራል። ከዚያ ስሙ ይከተላል፣ ስሙም በዜሮ ባይት ይዘጋል፣ ቀጥሎ ይዘቱ ይመጣል። ስሙም ይዘቱም የሚያልቁበት ቦታ የ4 ባይት ብዜት እስኪሆን በዜሮ ይሞላሉ። የፋይል መጠን የሚጻፈው በ8 ሄክሳዴሲማል አኃዝ ስለሆነ 4 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል አይገባም፤ ለማስነሻ ጥቅል ይህ መቼም አይደረስበትም።

ዋናው ነገር የከርነሉ ጠባይ ነው። እንደ ቀን ሠራተኛ ጭነቱን ከላይ ወደ ታች በተራ ያራግፋል፤ ወደ ኋላ አይመለስም። «ቢን» የሚባል ፎልደር ገና ሳይፈጠር «ቢን/ቢዚቦክስ» ከመጣለት ፎልደሩን ራሱ አይፈጥርም፣ ፋይሉን ዘሎ ያልፋል፣ ስለ መዝለሉም ትንፍሽ አይልም። ከ4096 ባይት የሚረዝም ፓዝም እንዲሁ ይዘለላል። ተራ የመፍቻ ፕሮግራሞች የጎደለ ፎልደር ሲያገኙ ሊፈጥሩላችሁ ይችላሉ። ከርነሉ አይፈጥርም። ለዚህ ነው ጥቅሉን ዴስክቶፕ ላይ ፈትተው «ሙሉ ነው» ያሉት ሰዎች ማሽኑ ሲነሳ ፋይል አጥቶ የሚያገኙት።

አንደኛው አማራጭ፦ ዲስትሪቢውሽኑ ራሱ ይጻፈው

ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ፣ ፌዶራ ላይ ድራከት፣ አርች ላይ ኤምኬኢኒትሲፒዮ። አዳዲሶቹ ኡቡንቱዎች ወደ ድራከት እየዞሩ ስለሆነ መጀመሪያ ማሽናችሁ ላይ የትኛው እንዳለ እዩ። ሦስቱም ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ያሽጋሉ፣ ፕሮግራም ስታስገቡ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎችም ተከትለው ያስገባሉ። ከዲስክ ለሚነሳ ማሽን ከዚህ ውጭ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

አደጋው ያለው እናንተ በምትጨምሩት ላይ ነው፤ ሦስቱም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ድራከት ተጨማሪ ፋይሎችን የሚቀበለው «ኢንስቶል_አይተምስ» በሚባል በክፍት ቦታ በተለያየ ዝርዝር ስለሆነ፣ በስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ያለበት ፋይል ለሁለት ይቆረጣል። እንዲህ ላለ ፋይል ምንጭና መድረሻን ለየብቻ የሚወስደውን «--ኢንክሉድ» ተጠቀሙ። ኤምኬኢኒትሲፒዮ «ፋይልስ» የሚለውን እንደ ባሽ አሬይ ስለሚያነበው ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ይበቃል።

ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ ግን ስክሪፕት ያስጽፋል፤ «/ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ሁክስ» ውስጥ የሚቀመጥ። ስክሪፕቱ ፋይል የሚያስገባበት ጊዜያዊ ፎልደር «ዴስትዲር» በሚባል ቫሪያብል ይሰጠዋል። ስክሪፕቱን ለሙከራ ብላችሁ በእጅ ካስኬዳችሁት ቫሪያብሉ ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ «ዴስትዲር/ኢቲሲ» ማለት የራሳችሁ ማሽን «/ኢቲሲ» ማለት ነው። በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) የተኬደ የማጥፊያ ትእዛዝ እዚያ መስመር ላይ ካለ ቀጥሎ ያለው ሥራ ማሽኑን እንደ አዲስ መጫን ነው። ፈውሱ አጭር ነው፤ ቫሪያብሉን ሁልጊዜ በድርብ ጥቅስ ውስጥ አድርጉት፣ ሲጠራም ስሙን በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ጽፋችሁ፣ እዚያው ቅንፉ ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት አስገቡበት። ያኔ ባዶ ሲሆን ሼሉ (ትእዛዝ ፈጻሚው) ራሱ ያቆመዋል። ፕሮግራም ስታስገቡም ተራውን ኮፒ ትታችሁ «ኮፒ_ኤክዜክ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ላይብረሪዎቹን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው።

ሁለተኛው፦ ፋይንድ ዝርዝሩን ይጻፍ፣ ሲፒዮ ያሽግ

ፎልደር ታዘጋጃላችሁ፣ ፋይንድ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይዘረዝራል፣ ሲፒዮ ዝርዝሩን ተቀብሎ ያሽጋል። ፈጣን ነው፣ የትም አለ። እንዲያም ሆኖ ከአራቱ ብዙ ወጥመድ ያለው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ከሲፒዮ የራሱ መመሪያ የሚመጣ ነው። መመሪያው ፋይንድን «-ዴፕዝ» በሚለው አማራጭ እንድታስኬዱ ይመክራል፤ ያ ደግሞ ይዘቱን ከፎልደሩ አስቀድሞ ይዘረዝራል። ለመጠባበቂያ ቅጂ ጥሩ ምክር ነው፣ ለማስነሻ ጥቅል ግን ገዳይ ነው፤ ከርነሉ ፎልደሩን ሳያይ ፋይሉ ይመጣበታል። የከርነሉ ሰነድም ይህን ምክር በግልጽ «አትከተሉት» ይላል። ፋይንድ ያለ «-ዴፕዝ» ሲኬድ ፎልደሩን ያስቀድማል።

ሁለተኛው ስሞቹ የሚለያዩበት ምልክት ነው። ሊኑክስ ላይ በፋይል ስም ውስጥ የማይገቡ ሁለት ባይቶች ብቻ ናቸው፦ ዜሮ ባይትና «/»። ክፍት ቦታም፣ አዲስ መስመርም ይገባል። ሲፒዮ ልማዱ አንድ መስመርን እንደ አንድ ስም መቁጠር ስለሆነ፣ አዲስ መስመር ያለበት ስም ለሁለት ይከፈላል። በስህተት የተፈጠረ ስም ከሆነ «አላገኘሁትም» ብሎ ስክሪን ላይ ጽፎ ያልፋል። ሆን ተብሎ የተሠራ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስሙ በአዲስ መስመር የሚያልቅ ፎልደር ውስጥ «ኢቲሲ/ሻዶው» የሚል ፋይል ቢቀመጥ፣ የዝርዝሩ ሁለተኛ መስመር «/ኢቲሲ/ሻዶው» ሆኖ ይነበባል። ያሸጋችሁት በሩት ከሆነ የራሳችሁ ማሽን የይለፍ ቃል ፋይል ጥቅሉ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጥቅሉ ደግሞ «/ቡት» ላይ ማንም ሊያነበው በሚችል ፈቃድ ተቀምጦ፣ ወይም በኔትወርክ ለሃያ ማሽን ሲታደል ሊገኝ ይችላል። ተማሪዎች ከሚጽፉበት ፎልደር ፋይል የምትሰበስቡ ከሆነ ይህ ተረት አይደለም።

ሦስተኛው ነጥቧ ናት፤ ፋይንድ መጀመሪያ የሚያወጣት «.»። እሷ ጥቅሉ ውስጥ ስትገባ የማዘጋጃ ፎልደሩን ፈቃድ ለ«/» ታወርሳለች። ፎልደሩን የፈጠረው «ኤምኬቴምፕ» ከሆነ ፈቃዱ 0700 ነው፤ ስለዚህ ከሩት ውጭ ያለ ማንኛውም ፕሮሰስ ራም ላይ ያለውን «/» መርገጥ ያቅተዋል። የስህተቱ መልእክት ሁሌ ሌላ ነገር ላይ ስለሚያመለክት ለማግኘት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ዓይነት ነው።

አራተኛው ከየት ሆናችሁ ታስኬዱታላችሁ የሚለው ነው። ፋይንድን ከሌላ ቦታ ሆናችሁ ሙሉ ፓዝ ከሰጣችሁት «/ሆም/ላብ/ሥራ/ኢኒት» ተብሎ ይታሸጋል፤ ከርነሉ የሚፈልገው ግን «/ኢኒት» ነው። መጀመሪያ ወደ ፎልደሩ ግቡ።

እነዚህን ሁሉ የሚዘጋው መስመር ይህ ነው፦

ፋይንድ . -ሚንዴፕዝ 1 -ፕሪንት0 | ኤልሲ_ኦል=ሲ ሶርት --ዜሮ-ተርሚኔትድ | ሲፒዮ --ክሪኤት --ናል --ፎርማት=ኒውሲ --ኦውነር=0:0 --ሪፕሮዲዩሲብል

«-ሚንዴፕዝ 1» ነጥቧን ያስቀራል። «-ፕሪንት0» እና «--ናል» ስሞቹን በዜሮ ባይት ይለያሉ፤ አንዱ ካለ ሌላው የግድ ነው፣ በመሃል ያለው ሶርትም ጭምር። ሶርቱ «ሲ» በሚባለው ሥርዓት ሲደረድር ወላጅ ፎልደር ከልጁ ይቀድማል፣ ቅደም ተከተሉም ከማሽን ማሽን አይቀያየርም። «--ኦውነር» ባይኖር ጥቅሉን የሠራው ሰው መለያ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1000፣ የሁሉም ፋይል ባለቤት ሆኖ ይቀራል። ስክሪፕቱ ራስ ላይ ደግሞ የባሽን «ፓይፕፌይል» አብሩ፤ ካልበራ ሲፒዮ መሃል ላይ ቢወድቅም መጭመቂያው በሰላም ስለሚጨርስ የተቆረጠ ጥቅል «ተሳክቷል» ተብሎ ይመጣላችኋል።

ሦስተኛው፦ ዝርዝሩን እናንተ በእጃችሁ ጻፉት

ከከርነሉ ምንጭ ኮድ «ዩኤስአር» ፎልደር ውስጥ «ጄን_ኢኒት_ሲፒዮ» የሚባል አንድ የሲ ፋይል አለ። በጂሲሲ ኮምፓይል ስታደርጉት የጽሑፍ ዝርዝር አንብቦ ጥቅል የሚያወጣ ፕሮግራም ይሆናል። ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦

ዲር /ዴቭ 0755 0 0
ኖድ /ዴቭ/ኮንሶል 0600 0 0 ሲ 5 1
ዲር /ቢን 0755 0 0
ፋይል /ቢን/ቢዚቦክስ /ሥራ/ቢዚቦክስ 0755 0 0
ኤስሊንክ /ቢን/ኤስኤች ቢዚቦክስ 0777 0 0
ፋይል /ኢኒት /ሥራ/ኢኒት 0755 0 0

ጥቅሉ ውስጥ ያለው ፓዝና ማሽናችሁ ላይ ያለው ምንጭ ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ፈቃዱም ባለቤቱም እዚያው አለ። ያልጻፋችሁት ፋይል አይገባም። ሩት መሆን አያስፈልግም፤ የመሣሪያ ፋይሎች እንኳ ዲስካችሁ ላይ ሳይፈጠሩ በቀጥታ ጥቅሉ ውስጥ ይጻፋሉ። ምንጩ ከጠፋ የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ከፍላሽ ላይ ለሚሠራ ሰውም የሚመች ይህ ብቻ ነው፤ ፋት32 የሆነ ፍላሽ የሊኑክስን ፈቃድም ሲምቦሊክ ሊንክም (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት ስም) አይዝም፣ እዚህ ግን ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ ስላሉ ከፍላሹ የሚፈለገው ይዘቱ ብቻ ነው።

ጉድለቱ ሦስት ነው። ዝርዝሩ በክፍት ቦታ ስለሚለያይ ክፍት ቦታ ያለበት ስም ጨርሶ አይቀበልም። ቢሆንም በግልጽ ስህተት ብሎ ነው የሚመልሰው፣ እንደ ሁለተኛው አማራጭ አድብቶ አያልፍም። ሌላው፣ ቅደም ተከተሉን አይቆጣጠርም፤ «ዲር» የሚለውን ከፋይሎቹ በላይ ማስቀመጥ የእናንተ ፈንታ ነው። ላይብረሪዎችንም አይከታተልም፤ ስለዚህ ስታቲክ ሆኖ (ላይብረሪዎቹን በራሱ ውስጥ ይዞ) ከተሠራ ቢዚቦክስ፣ ማለትም ብዙ ትእዛዞችን በአንድ ፋይል ከያዘው ፕሮግራም፣ ጋር ነው የሚጣመረው። ጥቅላችሁ ከሃምሳ ፋይል ካልበለጠና በኔትወርክ የሚነሱ ዲስክ አልባ ማሽኖች ከሆኑ፣ ያለ ማመንታት ይህን ምረጡ።

አራተኛው፦ ቢኤስዲታር

የሊብአርካይቭ አካል የሆነው ቢኤስዲታርም በ«--ፎርማት=ኒውሲ» ያሽጋል። ሲያሽግ ከሲፒዮ ያን ያህል አይበልጥም፤ እንዲያውም «--ኖ-ሪከርሽን» ካልተባለ ዝርዝሩ ላይ ያለን ፎልደር ሁሉ እንደገና እስከ ታች ስለሚዘረዝር አንድ ፋይል ሦስት አራት ጊዜ ይገባል። ዝርዝር ከፋይል ሲያነብ ደግሞ «-ሲ» የሚል መስመር ካገኘ ስም ሳይሆን የፎልደር መቀየሪያ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል፤ «--ናል» ሲጨመር ይህ ይቀራል።

ጥቅሙ የሚታየው ከሌላ ሰው የመጣ ጥቅል ስትፈቱ ነው። ሲፒዮ በልማዱ «/» ብሎ የሚጀምር ስም ሲያገኝ በቀጥታ የእናንተ ማሽን «/» ላይ ይጽፋል። «--ኖ-አብሶሉት-ፋይልኔምስ» ሲባል ይህን ይተዋል፤ ነገር ግን በዚሁ አማራጭ ላይ እንኳ በሲምቦሊክ ሊንክ በኩል ከፎልደሩ ውጭ መጻፍ እንደሚቻል ተገኝቶ በደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2015-1197 ተብሎ ተመዝግቧል። ቢኤስዲታር የመጀመሪያዋን «/» ያነሳል፣ «..» ያለበትን ፓዝ እምቢ ይላል፣ በሊንክ በኩል ወደ ውጭ መውጣትንም ይከለክላል። ለማሸግ ሌላውን፣ ለመፍታት ይህን ብትጠቀሙ አትጸጸቱም። የትኛውንም ስትፈቱ ሩት አትሁኑ።

በየትኛውም መንገድ የሚያጋጥም

ማዘጋጃ ፎልደር ውስጥ ያሉ ሊንኮች። «ሥራ/ሊብ» ወደ «/ዩኤስአር/ሊብ» የሚያመለክት ሊንክ ከሆነ፣ ወደ «ሥራ/ሊብ» የተቀዳ ፋይል የሚያርፈው የራሳችሁ ማሽን ላይብረሪ ፎልደር ውስጥ ነው። ጥቅሉ ባዶ፣ ማሽኑ ደግሞ የተበከለ ይሆናል። ሊንኩን «/» ሳይኖረው «ዩኤስአር/ሊብ» ብላችሁ ፍጠሩት፤ ማሽናችሁ ላይም ሲነሳም ትክክል ቦታ ያመለክታል።

የአማርኛ ስሞች። ከርነሉ ስምን እንደ ባይት እንጂ እንደ ፊደል አያየውም። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፤ የኢኤክስቲ4 የስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። የባሰው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የተቀመጠን ፋይል ስክሪፕቱ «ጸሀይ» ብሎ ቢጠራው ለአንባቢ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ስሞች። ማሽኑ ሲነሳ የሚታየው ጥቁር ኮንሶልም የእኛ ፊደል ስለሌለው ስሙ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሰነዶቻችሁን በአማርኛ ሰይሙ። ማስነሻ ጥቅሉ ውስጥ የሚገባውን ግን ክፍት ቦታ በሌለው አጭር የላቲን ስም ሰይሙት።

መብራት። ከከተማው ዳር መብራት በሥራ መሃል ይሄዳል፤ ዩፒኤሱም ባትሪው የደከመ ሊሆን ይችላል። በነባሩ ጥቅል ላይ በቀጥታ አትጻፉ። አዲሱን እዚያው «/ቡት» ውስጥ በሌላ ስም ጻፉ፣ «ሲንክ» በሉ፣ ከዚያ በ«ኤምቪ» ስሙን ቀይሩ፤ በአንድ ፋይል ሲስተም ውስጥ ስም መቀየር ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል ወይ አይሆንም። «/ቲኤምፒ» ላይ ጽፋችሁ ብታዛውሩ ግን፣ ሌላ ፋይል ሲስተም ከሆነ፣ ማዛወሩ ቅጂ ስለሚሆን ይህ ዋስትና የለም። ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ አዲሱን ለብቻው ጽፎ ሲጨርስ ነው በአሮጌው የሚተካው። ከመጀመራችሁ በፊት «/ቡት» ላይ ቦታ መኖሩን እዩ፤ አሮጌ ከርነሎች ሞልተውት ሊሆን ይችላል።

መጭመቂያ። ጂዚፕ ሁሌም ይሠራል። ኤክስዚ ከሆነ «--ቼክ=ሲአርሲ32» የግድ ነው፤ ካልተባለ ከርነሉ አይፈታውም። ኤልዚ4 የድሮውን ቅርጽ ይፈልጋል። ዚስታንዳርድ ከርነል 5.9 እና ከዚያ በላይ ነው።

ከማደል በፊት መፈተሽ

መጀመሪያ የጥቅሉን ዝርዝር አውጡና ከገባው ዝርዝር ጋር አነጻጽሩ። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ኤልኤስኢኒትራምኤፍኤስ»፣ ድራከት ካለ «ኤልኤስኢኒትአርዲ» ይጠቅማል። በተራው ሲፒዮ ካያችሁ የማይክሮኮድ ፋይል ብቻ ሊታያችሁ ይችላል፤ የፕሮሰሰሩ ማይክሮኮድ ሳይጨመቅ ከፊት የሚቀጠል ሌላ ጥቅል ስለሆነ ነው፣ ዋናው አልጠፋም። የማይክሮኮዱ ፓዝ «ከርነል/ኤክስ86/ማይክሮኮድ» ብሎ መጀመር አለበት፤ ከፊቱ «/» ወይም «./» ካለ ከርነሉ አያገኘውም።

ቀጥሎ ኪውኢኤምዩ በሚባለው የምናባዊ ማሽን ፕሮግራም አስነሱት፤ 512 ሜጋባይት ራም ስጡት። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ቃል ስህተቱን ይለያል። «አንኤብል ቱ ማውንት ሩት» ካለ «/ኢኒት» የሚለው ስም ጥቅሉ ሥር አልተገኘም፤ ፓዙ ተሳስቷል ወይም ጥቅሉ ጭራሽ አልተጫነም። «ፌይልድ ቱ ኤክስኪዩት /ኢኒት» ብሎ ኤረር -13 ካለ ፋይሉ አለ፣ የማስኬጃ ፈቃድ የለውም። -8 ካለ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሼሉ አልተጠራም፣ ወይም ፕሮግራሙ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራ ነው።

-2 ሰውን የሚያሞኘው ነው፤ «ፋይሉ የለም» ይላል፣ ፋይሉ ግን አለ። የጠፋው የሚያስኬደው ነው፤ ሼሉ ወይም ላይብረሪ ጫኚው ጥቅሉ ውስጥ የለም። ሁለቱም ካሉ ስክሪፕቱ ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ኖትፓድ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ የመመለሻ ባይት ያስቀምጣል፤ ከርነሉም የሚፈልገው «/ቢን/ኤስኤች» ሳይሆን ጭራ ላይ ያ ባይት የተለጠፈበት ሌላ ስም ይሆናል። «ካት» በ«--ሾው-ኦል» ሲኬድ ይህን ባይት ያሳያል፣ «ዶስ2ዩኒክስ» ያጸዳዋል፤ ጥቅሉን እንደገና ማሸግ እንዳትረሱ።